ለክፍት የኢንተርኔት ልኬት የበኩላችንን ማዋጣት፦ ከአንድ የፍጥነት ሙከራ እስከ ቋሚ መለኪያ

ማታ 3 ሰዓት ገደማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ልጆች የቤት ሥራ ይልካሉ፣ ትልልቆቹ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በምስል ይነጋገራሉ፤ መስመሩም ይተኛል። ደውለን ስናመለክት «በእኛ በኩል የሚታይ ችግር የለም» እንባላለን። ባለሙያ የሚመጣው ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር ደህና ነው።

የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ በዚህ ጉዳይ ለወራት ተመላልሻለሁ። ክርክሩ ያበቃው ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ አልነበረም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው መሣሪያ እየለካሁ የ6 ሳምንት መዝገብ ይዤ ስለሄድኩ ነው። ባለሙያው ወረቀቱን አገላብጦ «ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚወርደው» አለና ማታ ለመምጣት ተስማማ።

ገበያ ላይ ገዢ የሻጩን ሚዛን ሲጠራጠር እህሉን ሌላ ሚዛን ላይ ያስመዝናል። ኢንተርኔትም ሁለተኛ ሚዛን ያስፈልገዋል። ያ ሚዛን ደግሞ አለ፤ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚጎድለው በእኛ አካባቢ የሚለካበት ሰው ነው። ይህ መመሪያ አንድ ሰው በስልኩ ብቻ ከሚያደርገው ጀምሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ እስከሚችለው ድረስ እንዴት መርዳት እንደሚቻል ያሳያል። ሁሉንም መሥራት አይጠበቅባችሁም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች በደንብ የሠራ ሰው ብዙ አድርጓል።

«ክፍት» የሚያሰኘው ምኑ ነው?

በዋናነት የምናገረው ሜዠርመንት ላብ ስለሚባለው ክፍት የኢንተርኔት ልኬት ፕሮጀክት ነው፤ በአጭሩ ኤም-ላብ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመሠረት የኒው አሜሪካ ተቋም ክፍል የሆነው ኦፕን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ጎግል፣ ፕላኔትላብ የተባለው የምርምር ጥምረትና የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩበት። ዋናው መለኪያው ኤንዲቲ ይባላል። ከአንዱ ሰርቨራቸው ጋር አንድ ግንኙነት ይከፍትና ለ10 ሰከንድ ያህል ያወርዳል፣ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጭናል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መስመሩ ምን ያህል እንደተሸከመ ይመዘግባል።

ከሌሎች የፍጥነት መለኪያዎች የሚለየው በሦስት ነገር ነው። የፕሮግራሙ ኮድ ማንም ሊያነበው ይችላል። የተሰበሰበው ዳታ ያለምንም የባለቤትነት ገደብ ለሕዝብ ይለቀቃል፤ ተማሪም ጋዜጠኛም ያንኑ ዳታ ያገኛል። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ግን ሰርቨሮቹ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የታወቁ መለኪያዎች የሚመርጡት ሰርቨር በራሱ በኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅታችሁ ኔትወርክ ውስጥ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሚለካው ከቤታችሁ እስከ አቅራቢው ድረስ ያለው መንገድ ብቻ ነው። እኛ የምንጠቀምባቸው አብዛኞቹ ድረ ገጾች ግን ከዚያ ወዲያ ናቸው። የኤም-ላብ ሰርቨሮች ሆን ተብሎ ከአቅራቢዎቹ ኔትወርክ ውጭ፣ ኔትወርኮች በሚገናኙበት አካባቢ ይተከላሉ። ስለዚህ ልኬቱ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን በርም ይጨምራል።

ይህ ምን እንደሚያመጣ በአሜሪካ ታይቷል። ኤም-ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት የትልልቅ አቅራቢዎች ደንበኞች ኮጀንት በተባለው አስተላላፊ ኔትወርክ በኩል ሲያልፉ ፍጥነታቸው በምሽት ክፉኛ እንደሚወርድ አሳየ። የእነዚያው አቅራቢዎች ደንበኞች በሌላ አስተላላፊ በኩል ሲሄዱ ደግሞ በተመሳሳይ ከተማ ደህና ነበሩ። ችግሩ የነበረው ሁለት ድርጅቶች በሚገናኙበት በር ላይ እንጂ ቤት ድረስ በሚመጣው ገመድ ላይ አልነበረም። ይህን ያወቁት ተራ ሰዎች ቤታቸው ሆነው በተጫኑት አዝራር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትሰጡትን እወቁ

ሁለት ነገር ትሰጣላችሁ። አንደኛው መረጃ ነው። የኤንዲቲ ውጤት ሲወጣ የተለካበት የአይፒ አድራሻም (መስመራችሁ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) አብሮ ለሕዝብ ይወጣል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃዳችሁን የሚጠይቃችሁም ለዚህ ነው። ምን ድረ ገጽ እንደምትከፍቱ ወይም ምን እንደምትጽፉ አይመዘግብም። በሞባይል ዳታ ላይ አንድን አድራሻ ብዙ ሰው ስለሚጋራው ተጽዕኖው ያንሳል፤ ቋሚ አድራሻ ያለው ቢሮ ግን ሊያስብበት ይገባል። የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት መስመር ከሆነ ኃላፊውን ሳታስፈቅዱ አትለኩ።

ሁለተኛው ፓኬጅ ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት የሚያወርድ መስመር ለ10 ሰከንድ ሲለካ 12.5 ሜጋ ባይት ይበላል (8 ቢት አንድ ባይት ነው)። 50 ሜጋ ቢት ከሆነ 62.5 ሜጋ ባይት ይሆናል። መስመሩ በፈጠነ ቁጥር ሙከራው ይበልጥ ይበላል ማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በ10 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ለ30 ቀን ብትለኩ ለማውረዱ ብቻ 1,125 ሜጋ ባይት ይሄዳል፤ መጫኑ ሲጨመር ከዚያ በላይ። ገደብ የሌለው የቤት መስመር ላላችሁ ምንም አይደለም። በካርድ እየሞላ ለሚጠቀም ሰው ግን ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ቢለካ ይበቃል፤ ከቤተሰብ ፓኬጅ ቀንሶ መለካትን ማንም ሊጠይቀው አይገባም።

ደረጃ 1፦ አንድ ትክክለኛ ልኬት

በብሮውዘር የኤም-ላብን የፍጥነት መለኪያ ገጽ ከፍቶ፣ የግላዊነት ውሉን አንብቦ ተስማምቶ፣ የማስጀመሪያውን አዝራር መጫን ነው። ሥራው ይሄው ነው። ትክክለኛ የሚያደርገው ከመጫናችሁ በፊት የምታዘጋጁት ነው።

ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ዋይፋይ ላይ ከለካችሁ የምትለኩት ብዙ ጊዜ የሳሎኑን ግድግዳ ነው። ገመድ ከሌለ ከራውተሩ አጠገብ አንድ ቋሚ ቦታ ምረጡና ሁልጊዜ እዚያው ለኩ፤ በማስታወሻችሁም ላይ «ዋይፋይ» ብላችሁ ጻፉ። በሞባይል ከሆነ መስኮት አጠገብና ጓዳ ውስጥ የሚገኘው ፍጥነት ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ እዚህም ቦታችሁን አትቀያይሩ፤ 4ጂ ይሁን 5ጂ ጻፉ።

ቀጥሎ የቀረውን ሁሉ ጸጥ አሰኙት። ስልኮች ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫኑ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ማሻሻያ እያወረደ ከሆነ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ፊልም ከተከፈተ የምትለኩት ትራፊው ነው። የቤቱን ሰው «ሁለት ደቂቃ ታገሡኝ» ማለት ይበቃል።

ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነታችሁን በሌላ አገር ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት፤ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ከፍቶ ይረሳዋል። ቪፒኤን ክፍት ሆኖ ከለካችሁ መዝገቡ ላይ የምትታዩት ኔዘርላንድስ ወይም ሌላ አገር እንዳላችሁ ሆኖ ነው። ልኬታችሁ ለኢትዮጵያ አይቆጠርም፤ ለኔዘርላንድስም ስህተት ይጨምራል። ስለዚህ ለሙከራው አጥፉት። ቪፒኤን የምትጠቀሙት ለራሳችሁ ደህንነት ከሆነ ግን አታጥፉት፤ መለካቱ ይቅር።

ደረጃ 2፦ መደጋገም

አንድ ልኬት ስለዚያች ደቂቃ ብቻ ይናገራል። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንለካው ስንናደድ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲተኛ። ሁሉም ሰው ሲናደድ ብቻ ከለካ መዝገቡ የአገሩን ኢንተርኔት ሳይሆን የክፉ ሰዓቶቹን ስብስብ ያሳያል። አቅራቢውም ይህን ያውቃልና ዳታውን ለመጣል ቀላል ምክንያት ያገኛል። ደህና በሆነበት ሰዓት መለካት አሰልቺ ነው፤ ትልቁ እርዳታ ግን እሱ ነው።

ሦስት ሰዓት ምረጡ፦ ጠዋት 3፣ ቀን 8፣ ማታ 3። አንድ ደብተር ወይም ሠንጠረዥ አዘጋጁና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማውረጃውን፣ መጫኛውን፣ መዘግየቱን፣ የለካችሁበትን መንገድና አንድ መስመር ማስታወሻ ጻፉ። ቀኑን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር አስፍሩት። ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የኤም-ላብ ዳታ የሚመዘገበው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። መላው ቀላል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ላይ 3 ጨምሩ። ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ 6 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ማታ 3 ሰዓት ደግሞ የምሽቱ 6፣ ማለትም 18 ሰዓት ነው። ደብተራችሁንና የእነሱን ዳታ የምታስተያዩበት ቀን ሲመጣ ይህች ሦስት ቁጥር ከብዙ ግራ መጋባት ታድናችኋለች።

መብራት ሲጠፋም ጻፉ። ራውተሩ ስለጠፋ ያልተለካ ሰዓትና ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ያልተለካ ሰዓት መዝገብ ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ናቸው። የሚለያቸው እናንተ «መብራት» ብላችሁ የጻፋችሁት ቃል ብቻ ነው።

በእጅ መለካት ከሰለቻችሁ ሥራውን ለማሽን መስጠት ይቻላል። ኤም-ላብ ያለ ብሮውዘር የሚሠራ የኤንዲቲ ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፤ ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ወይም ጥግ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ በየተወሰነ ሰዓቱ እንዲሠራ ታዙታላችሁ። እዚህ ላይ ሁለት ምክር አለኝ። ሰዓቱ ልክ ሲሞላ እንዲለካ አታድርጉ። ብዙ ማሽን በአንድ ደቂቃ ላይ ከተነሳ ሰርቨሩ ይጨናነቃል፣ ውጤቱም ይዛባል፤ ከማታ 3 እስከ 4 ባለው መካከል ደቂቃውን በዕጣ እንዲመርጥ አድርጉት። ራስበሪ ፓይ ላይ ደግሞ መብራት በድንገት ሲጠፋ የማስታወሻ ካርዱ ስለሚበላሽ፣ የሚቻል ከሆነ በትንሽ ባትሪ ደግፉት፤ ካልሆነም መዝገቡን በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ቅዱ።

ስልክ ብቻ ላለው ሰው ኡኒ ፕሮብ የተባለው መተግበሪያ አለ። ኡኒ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረ የኢንተርኔት እገዳን የሚመዘግብ ክፍት ፕሮጀክት ነው። በውስጡ የአፈጻጸም ልኬት የሚባል ክፍል አለው፤ ይህም የኤም-ላብን ኤንዲቲ ያካትታል።  ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ የድረ ገጽ ሙከራው ክፍል አከራካሪ የሆኑ ገጾችን ጭምር ከእናንተ መስመር ይሞክራል። ያላችሁበት አገር ሕግና የእናንተ ሁኔታ ይህን የሚፈቅድ መሆኑን ሳታጤኑ አትክፈቱት። ፍጥነት ብቻ መለካት ለሚፈልግ የአፈጻጸሙን ክፍል መምረጥ ይበቃዋል።

ደረጃ 3፦ ውጤቱን ማንበብ

አንድ ጎረቤቴ «100 ከፍዬ የማወርደው 12 ነው» ብሎ ተቆጥቶ መጣ። የከፈለው ለ100 ሜጋ ቢት ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በሜጋ ባይት ነበር። 12ን በ8 ማባዛት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አቤቱታ ከማሰማታችሁ በፊት ሁልጊዜ ይህን አረጋግጡ።

ሁለተኛው ነገር የኤንዲቲ ውጤት ከሌላ መለኪያ ዝቅ ብሎ ሲታይ አንዱ ይዋሻል ማለት እንዳልሆነ ነው። ኤንዲቲ አንድ ግንኙነት ብቻ ይከፍታል። ሌሎቹ ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ከፍተው ይደምራሉ፤ ሰርቨራቸውም ቅርብ ነው። መንገዱ ረጅም ሲሆንና ፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ሲጠፋ አንድ ግንኙነት ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ «መስመሬ የሚችለው ይህን ብቻ ነው» አትበሉ። «ከቤቴ እስከ እዚያ ሰርቨር በአንድ ግንኙነት ያገኘሁት ይህ ነው» በሉ። ይህን ልዩነት የሚጠብቅ ሰው ክርክር ላይ አይረታም።

ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያጓጓው መዘግየቱ ነው፤ አንድ መልእክት ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአየር 1,160 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደርሶ መልስ 2,320 ኪሎ ሜትር፣ ስለዚህ ከ12 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ በታች ሊሆን አይችልም። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና መሣሪያዎችም ስለሚጨምሩበት 25 ወይም 30 ቢሆን ደህና ነው። ናይሮቢ ካለ ሰርቨር ጋር ለክታችሁ 150 ወይም 200 ሚሊ ሴኮንድ ካያችሁ ግን መልእክታችሁ ጎረቤት አገር ለመድረስ ምናልባት አውሮፓ ደርሶ ተመልሷል። ይህን ማንም በማስታወቂያ አይነግራችሁም። ውጤቱ ላይ የሰርቨሩን ከተማ አይታችሁ፣ ርቀቱን ለ100 ስታካፍሉ በሚሊ ሴኮንድ ዝቅተኛውን የደርሶ መልስ ጊዜ ታገኛላችሁ።

ፍጥነት ደህና ሆኖ መዘግየት ማታ ማታ ብቻ እጥፍ የሚሆን ከሆነ መጨናነቅ አለ። ሌሊትም ቀንም ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ መንገዱ ራሱ ረጅም ነው። አቤቱታውም ሆነ መፍትሔው በሁለቱ መካከል ይለያያል።

ደረጃ 4፦ የማይተኛ መለኪያ ማስቀመጥ

ፓኬጅ ሳይበሉ ቀንና ሌሊት መለካት የሚፈልጉ ሰዎች ራይፕ አትላስን ይመልከቱ። ዋና ቢሮው አምስተርዳም የሆነው የአይፒ አድራሻ አከፋፋይ ድርጅት ራይፕ ኤንሲሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ነው። ፕሮብ የሚባሉ ትንንሽ መሣሪያዎች በዓለም ዙሪያ በበጎ ፈቃደኞች ቤትና ቢሮ ተሰክተው ከ10,000 በላይ የሚሆኑት ያለማቋረጥ ይለካሉ። ፍጥነትን አይለኩም፤ የሚለኩት መድረስ ይቻላል ወይ፣ ስንት ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፣ በየት በኩል ይታለፋል የሚለውን ነው። ለዚህም ነው የሚበሉት ዳታ አነስተኛ የሆነው።

መሣሪያውን ለማግኘት ድረ ገጻቸው ላይ አካውንት ከፍታችሁ ታመለክታላችሁ፤ የምትኖሩበትን አገርና የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅታችሁን የኔትወርክ ቁጥር ይጠይቃሉ። ፕሮብ የሌለበት ኔትወርክ ላይ ያለ አመልካች ቅድሚያ የሚገባው በመሆኑ የኢትዮጵያ ከተሞች ነዋሪዎች፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ፣ ይህን በማመልከቻችሁ ግለጹ። ሲደርሳችሁ ሥራው ቀላል ነው፤ ከራውተሩ ጋር በገመድ ታገናኙታላችሁ፣ በዩኤስቢ ኃይል ትሰጡታላችሁ፣ ቁጥሩን አካውንታችሁ ላይ ታስመዘግባላችሁ። የእናንተን የኢንተርኔት አጠቃቀም አያይም። በካርታው ላይም የቤታችሁ ቦታ ሆን ተብሎ በትንሹ ይዛባል።

መሣሪያው እስኪመጣ መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ የሶፍትዌር ፕሮብ አለለት። ሊኑክስ ያለው ማንኛውም ሁልጊዜ የሚበራ ኮምፒውተር፣ አንዳንድ ራውተሮችም ጭምር ይሠራሉ። ሲጫን የሚፈጠረውን የሕዝብ ቁልፍ ድረ ገጹ ላይ ለጥፋችሁ ትመዘግባላችሁ። ማታ ማታ የሚዘጋ ላፕቶፕ ላይ ግን አትጫኑት፤ ለፕሮብ ዋናው ነገር ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው።

ውጭ አገር ለምትኖሩ

ፕሮብ የሚያስተናግድ ሰው ፕሮቡ በተገናኘ በእያንዳንዱ ደቂቃ 15 ክሬዲት ያገኛል፤ በቀን 21,600 ማለት ነው። በዚህ ክሬዲት የራሱን ልኬት ማዘዝ ይችላል፤ ለምሳሌ በተለያዩ አገሮች ያሉ ፕሮቦች ወደ አንድ አድራሻ የሚወስዳቸውን መንገድ እንዲመረምሩ። ክሬዲቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ይቻላል።

እስቲ አስቡት። ሜሪላንድ፣ ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ቤታችሁ ውስጥ መብራትም ኢንተርኔትም ሳይቋረጥ አንድ ፕሮብ ከርማ የሰበሰበችውን ክሬዲት ባሕር ዳር ወይም ጅማ ለሚማር የኔትወርክ ተማሪ ብትልኩለት፣ የመመረቂያ ጥናቱን ከራሱ ከተማ መስመር ላይ መሥራት ይችላል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፍ ግንኙነቷ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮምን ጨምሮ በርካታ ገመዶች ሲቆረጡ የአካባቢው ኢንተርኔት መንገድ ቀይሯል። እንዲህ ባለው ቀን የትኛው መንገድ እንደተዘጋና የትኛው እንደተከፈተ በሁለቱም ጫፍ ሆኖ የሚለካ ሰው ሲኖር ነው የሚታወቀው። ልኬቱን ስታዝዙ ስንት ክሬዲት እንደሚወስድ ገጹ ቀድሞ ያሳያችኋል፤ ከአምስት ፕሮብ ጀምራችሁ ውጤቱን ካያችሁ በኋላ አስፉት።

ከቤተሰብ ጋር ስትደውሉ ድምፁ ከተቆራረጠም ሁለታችሁም በዚያው ሰዓት ለኩ። መጨናነቁ በየትኛው ወገን እንዳለ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታያል።

ተቋማት ምን ማድረግ ይችላሉ?

ዩኒቨርሲቲ፣ የዳታ ማዕከል ወይም ኔትወርክ ያለው ድርጅት ሰርቨር ማስተናገድ ይችላል። ራይፕ አትላስ አንከር የሚላቸው ትልልቅ መለኪያዎች አሉት፤ በቨርቹዋል ማሽንም መሥራት ይችላሉ። ኤም-ላብም የሰርቨር አስተናጋጆችን ይቀበላል። ለጥያቄው የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አባል የሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ መነሻ ይመስሉኛል፤ መሣሪያውም ተማሪውም አንድ ቦታ ላይ ስላሉ።

ነገር ግን ከማመልከት በፊት ራስን መመርመር ያስፈልጋል። የሰርቨሩ መስመር ጠባብ ከሆነ የሚለኩት ሰዎች ሁሉ የእናንተን ጥበት የእነሱ አድርገው ይመዘግባሉ፤ ደካማ ሰርቨር ከመኖሩ ባይኖር ይሻላል። ቋሚ የሕዝብ አይፒ አድራሻ፣ አስተማማኝ የመብራት መጠባበቂያ፣ ልኬቱን የማያጣራ ፋየርዎል ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ በስም የሚታወቅ ኃላፊ ያስፈልጋል። ተነሳሽነት ያለው አንድ መምህር ያቆመው መሣሪያ መምህሩ ሲዛወር አቧራ ሲለብስ አይቻለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ሰው መድቡና የይለፍ ቃሉንም አሠራሩንም በጽሑፍ አስቀምጡ።

ኮድ፣ ቋንቋ፣ ገንዘብ

ፕሮግራም የምትጽፉ ከሆነ የኤም-ላብ ኮድ ጊትሃብ ላይ ነው። ኤንዲቲን የራሳችሁ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ውስጥ ማስገባት የሚያስችሉ በጃቫስክሪፕትና በጎ የተጻፉ ዝግጁ ክፍሎች አሉ። ስታስገቡት የግላዊነት ፈቃዱን ለተጠቃሚው በግልጽና በሚገባው ቋንቋ ማሳየት አትርሱ።

ትርጉም ላይ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ መሥራት እንችላለን። የምትጠቀሙበት መለኪያ በአማርኛ ካለ አንብቡትና ያልጣማችሁን አስተካክሉ፤ ከሌለ ጀምሩት። ከሁሉ አስቀድሞ የግላዊነት ጽሑፉ ይተርጎም፤ ሰው ያልገባውን ነገር ተስማማ ማለት አይቻልምና። «ላተንሲ»ን መዘግየት ብትሉት እናቶቻችንም ይረዱታል።

ገንዘብ መስጠት ለምትችሉ፣ ኤም-ላብ የሚሠራው ኮድ ፎር ሳይንስ ኤንድ ሶሳይቲ በተባለ ለትርፍ ያልቆመ የአሜሪካ ድርጅት ሥር ነው፤ ልገሳውም በዚያ በኩል ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ የምትሠሩ ሰዎች መሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምር እንደሆነ ጠይቁ።

ዳታውን ለቁም ነገር ማዋል

ማንም ያልተጠቀመበት ዳታ ለጋሽም የሚለካ ሰውም አያገኝም፤ ስለዚህ መጠቀምም መርዳት ነው። የኤም-ላብ መዝገብ ቢግኩዌሪ በሚባለው የጎግል መድረክ ላይ ተቀምጧል። የፕሮጀክቱን የውይይት ቡድን በኢሜይል አድራሻችሁ ከተቀላቀላችሁ ያለ ክፍያ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስትጠይቁ ሁልጊዜ ቀንና አገር ገድቡ፤ መዝገቡ እጅግ ግዙፍ ነው።

አማካይ አትውሰዱ። አንድ ባለ ፈጣን ፋይበር ቢሮ አሥር ዘገምተኛ ቤቶችን ይሸፍናል። ውጤቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሀል ላይ ያለውን ውሰዱ፤ ከሥር ያለውን አንድ አራተኛም አሳዩ። ስንት ልኬት እንደሆነም ጻፉ። ከአንድ ከተማ በወር 9 ልኬት ብቻ ካለ ስለዚያ ከተማ ምንም አትደምድሙ፤ «ልኬት ያስፈልጋል» ብላችሁ ለነዋሪዎቹ ንገሩ።

ለአቅራቢው ወይም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስትጽፉ «ኢንተርኔቱ ሞቷል» አትበሉ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ ሰፈር፣ በገመድ፣ ይህን ያህል ጊዜ ለካን፤ ጠዋት መሀለኛው ይህ ነበር፣ ማታ ወደዚህ ወረደ፣ መብራት የጠፋባቸውን ቀናት አውጥተናል በሉ። ደብተሩን ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። አምስት ጎረቤት በዚሁ መልክ ቢጽፍ ከአምስት መቶ የቁጣ መልእክት በላይ ይሰማል።

እንዳይቋረጥ

ፕሮብ ያላችሁ ሰዎች ግንኙነት ሲቋረጥ ኢሜይል እንዲደርሳችሁ አካውንቱ ላይ አስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቤት ሲጸዳ የተነቀለ ገመድ ነው። አቅራቢ ስትቀይሩ በዚያው ቀን መዝገቡ ላይ አስተካክሉ፤ አለዚያ የአዲሱ ጥፋት በአሮጌው ስም ይጻፋል። ቤት ስትለቁም እንደዚሁ። የቦታውን ምልክት ሳትቀይሩ ፕሮቡን ከገርጂ አዳማ ብትወስዱት ለወራት የአዳማን ኢንተርኔት የገርጂ አድርጎ ይመዘግባል። ደብተር የምትይዙ ደግሞ ያቆማችሁበትን ቀንና ምክንያቱን በመጨረሻው መስመር ላይ ጻፉና ዝጉት፤ ከእናንተ በኋላ ያንን ቤት የሚከራይ ሰው ለመለካት ፈቃደኛ ከሆነ ደብተሩን ከቁልፉ ጋር ስጡት።